ለውሻ የተሳለ የበግ ታፋ

በደብረ ታቦር መንገድ ላይ «ጉልበቴን አመመኝ» ብሎ የተናገረ ሰው ሐኪም ፍለጋ አይንከራተትም። ሐኪሙ ራሱ ባጃጅ አስቁሞ ይወርድለታል። አንዱ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ያዝለታል፤ ሌላው ወንዛዬ ፍል ውኃ ይልከዋል፤ ሦስተኛው «ብርድ ነው፣ አረቄ ያዝ» ብሎ ያጽናናዋል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ብርዱ ከጉና ተራራ እንደሚወርድ አውቃለሁ። የት ገብቶ እንደሚቀመጥ ግን ያስተማረኝ ውሻዬ ነው።

ውሻዬ አይነኬ ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ በአጥራችን ጥግ የሚያልፍ ሁሉ አማትቦ ነበር የሚያልፈው። ዛሬ አፉ ሸብቷል፣ ወገቡ ሰፍቷል። ሲነሣ መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ያቆማል፣ ከዚያ የኋላዎቹን ስለ ማንሣት ጥቂት ያስብበታል፣ ብዙ ጊዜም አስቦ ይተወዋል። እርጅና ብቻውን አይመጣም ይባል የለ?

ከገና በኋላ ሌባ ገባና የባለቤቴን እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ወሰደ። አጥር አልዘለለም፤ በበሩ ነው የገባው። አይነኬ በሩ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ሌባው ተራምዶት ገባ፣ ተራምዶት ወጣ። ነገሩን በመስኮት ያየች ጎረቤታችን እንደምትለው አይነኬ ጅራቱን ሳይቀር ቆልቶለታል። ታዲያ አንቺ ለምን አልጮኽሽም ስትባል፣ መጮኽ የውሻው ሥራ አይደለም ወይ አለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ የእኛው ግን የመንደሩን አጥንት ሁሉ ስለሚበላ መብላቱን እንጂ መጮኹን ትቶታል።

ባለቤቴ ፍርዷን ለመስጠት አልዘገየችም። እስከ ፋሲካ ካልተነሣ በማዳበሪያ ተከትቶ በአንበሳሜ መንገድ ይጣላል፣ በቦታውም ቡችላ ይመጣል። በእኛ አገር የውሻ ጡረታ ይኸው ነው። እኔም ጡረተኛ ነኝና ነገሩ አላማረኝም፤ እውነቱን ለመናገር ከልቤ አዘንኩ።

የእንስሳት ሐኪም አስጠራሁ። ወጣት ነው። የውሻውን እግር አጠፈ፣ ዘረጋ፤ አይነኬ ስሙ ትዝ ብሎት አንዴ አጉረመረመ። የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፣ ከዕድሜ ጋር የመጣ ስለሆነ ጨርሶ አይድንም፣ ከተጠነቀቃችሁለት ግን ይሻለዋል አለን። ክብደቱ ይቀንስ፣ ጮማና ትርፍራፊ ይቅርበት፣ ሲሚንቶ ላይ አይተኛ፣ ጭድ ይነጠፍለት፣ ጧትና ማታ ቀስ እያለ ጥቂት ይራመድ። ባለቤቴ የራሷን የወገብ ክኒን ልታካፍለው ቦርሳዋን ከፍታ ነበር፤ የሰው ማስታገሻ ውሻን ሊገድል ይችላል ብሎ አስቆማት። ከዚያ ዓይኑ በነጠላ ጫማዬ ጫፍ ብቅ ያለው አውራ ጣቴ ላይ ዐረፈ። ሪህ ያለበት ጣት ነው፤ አልፎ አልፎ ያብጣል። «መምህር፣ ሥጋ መተዉ ለእርስዎም ይጠቅማል» አለኝ። እኔም የጠራሁህ ለእንስሳ ነው አልኩት።

አብረውን የሚኖሩት አማቼ እማማ ጥሩነሽ ግን በጭድ የዳነ ውሻ አይተው አያውቁም። ለገዛ ጉልበታቸው ወንዛዬ በወረዱ ጊዜ ለአይነኬም በጄሪካን ፍል ውኃ አመጡለት። ደብረ ታቦር ሲደርስ ፍልነቱን ረስቶ ነበር፤ ሲያፈሱበት አይነኬ በዓመቱ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት ተነሣና አልጋ ሥር ገባ።

ሁዳዴ ገባ። መንደሩ ሁሉ ሲጾም አይነኬም ሳይወድ ጾመ፤ ከአጥንት ወደ ሽሮ ወረደ። ገበያ ያለው የሙስሊሞች ሥጋ ቤት አይዘጋም፤ እስከዚያ ለመድረስ ግን እግር ይጠይቃል። ጧት ጧት ሁለታችን እያነከስን እንወጣ ነበር። በሆሳዕና ሳያስብ መነሣት ጀመረ። በቅዳም ሹር የነፍስ አባታችን ቄጤማ ይዘው ሲገቡ እስከ በሩ እየጮኸ መለሳቸው። ባለቤቴ ፍርዷን ሻረች፤ እኔም ስለ ጭዱ ልፎክር ስል እማማ ጥሩነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ለካ ተስለው ኖሯል። «ሁለቱ የኋላ እግሮቹ ቢነሡለት ሁለት የበግ ታፋ አበላዋለሁ ብዬ ለመድኃኔ ዓለም ተስያለሁ» አሉ።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ያን ጮማ ከጀመረ የሁዳዴው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው አለኝ። ይህ ማለት ተመልሶ በሩ ላይ መጋደም፣ ከዚያ ማዳበሪያው ነው። እማማ ጥሩነሽን ብንለምናቸው ደግሞ «ስለቱን አስቀርቶ በሰላም ያደረ ቤት የት አያችሁ?» አሉን።

ነገሩን ለነፍስ አባታችን አቀረብን። የቄጤማውን ቂም ገና አልረሱትም ነበርና ለውሻ መሳልን ከየት አመጣችሁት ብለው ተቆጡን። በኋላ ግን ፈገግ አሉ። ስለቱ ከቤት አይውጣ፣ የውሻው ጌታ ስለ ውሻው ይብላለት ብለው ፈረዱ። ሐሳቡን መጀመሪያ ማን አነሣው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ብዙ ነገር ያስባል።

የፋሲካን ሳምንት ሙሉ በላሁለት። ጥብሱን፣ ቅቅሉን፣ ጮማውን፣ አንድም ሳላስቀር። አይነኬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኑ ይሸኛል። እንዲህ ያለ ከባድ ግዴታ በሕይወቴ ተወጥቼ አላውቅም።

በዳግማ ትንሣኤ ጧት አውራ ጣቴ እሳት ሆኖ ነቃሁ። ጫማ ቀርቶ አንሶላ ሲነካው ያስጮኸኛል። ሐኪሙ ዘንድ ብደውል «መምህር፣ እኔ እኮ የእንስሳት ነኝ» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ መንደሩ በዓለ ሃምሳን እየበላ፣ እኔና አይነኬ ብቻችንን ሽሮ ላይ ነን። ጧት ሕመሙ ጋብ ሲልልኝ ስንወጣ እሱ ቀድሞ ይሄድና መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

እማማ ጥሩነሽ አንጀታቸው አልቻለም። ዛሬ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አልጋዬ ዘንድ መጥተው «አይዞህ ልጄ፣ ለአንተም ተስያለሁ» አሉኝ። ፈራ ተባ እያልኩ ምን ብለው እንደተሳሉ ጠየቅኋቸው።

«የታመመው አንድ እግርህ ነው» አሉኝ፤ «አንድ ታፋ ይበቃል።»