ርካሿ መኪናና ሦስቱ ሽማግሌዎች

መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና የሚያውቀውን ያህል ባለመኪናው አያውቅም። ልብ ብላችሁ ከሆነ።

እኔ በቅርቡ መኪና ገዛሁ። የሥሪቷን ስም አልጠራም፤ ሻጮቹ ከፍለውት ነው ትሉኛላችሁ። ርካሿ ካልኩ ግን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሕፃን ልጅም ያውቃታል። ትንሽ ናት፣ ነጭ ናት፣ ሥራዋን ትሠራለች። ምን እንከን ይወጣላታል? ሰው ግን አያጣላትም። ቆርቆሮዋ በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል አሉ። ከአህያ ጋር ብትጋጭ አህያዋ መንገዷን ትቀጥላለች፣ መኪናዋ ጋራዥ ትገባለች አሉ። የጎረቤቴ ሚስትማ ነፋስ ሲነሳ በገመድ እሰራት ብላ መከረችኝ። የምሯን እኮ ነው፤ ገመዱንም ልታመጣልኝ ነበር። ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት ይባል የለ? እኛ ሰፈር ጭማሪው ከወሬው ይበልጣል።

የሚያሞግሷትም አሉ። እሷ ቤንዚን ታሸታለች እንጂ አትጠጣም ይላሉ። ይህንን አመንኩ። ስድቡን ንቆ ሙገሳውን የማያምን ባለመኪና ካለ አሳዩኝ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ወደ ወንድሜ ልምጣ። ታናሽ ወንድሜ አዲሱ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር አንዲት ልጅ ወደደ። እናትነሽ ትባላለች። ሽማግሌ ላክን። ያኔ ለክብር ብለን ትልቅ መኪና ተከራይተን ነበር። ሹፌሩ ከደጃቸው ሲደርስ ጡሩምባውን አንባረቀው። አባቷ ጋሼ ቢተው እህል እያበራዩ ነበርና መኪናው ያስነሳው አቧራ ሁሉ እላያቸው ላይ ወረደ። ልጄን የሚለምን ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚመጣው? ብለው በጎረቤት ፊት እምቢ አሉ። እናትነሽም ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም አለች። አዲሱ ምግብ ተወ። ቁርስ ስናቀርብለት ግድግዳ ያያል። ወንድምን እንዲህ ሆኖ ማየት አንጀት ይበላል።

እንደገና ሽማግሌ ይላክ ተባለ። አሁን ያለችው የኔዋ ርካሿ ብቻ ናት። የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ የሰፈራችን መሪጌታ፣ ዞረው ዞረው አዩዋትና፣ «ልጄ፣ ይች ሦስት ሽማግሌ ትችላለች? አቀበት ላይ ውረዱልኝ ብትለንስ?» አሉኝ። ግድ የለም፣ ይግቡ አልኳቸው። ጸሎት አድርሰው ገቡ። ሌሎቹ ሁለቱም ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ከኋላ ተቀመጡ።

ቤንዚን? ማደያው ጋ ሰልፉ ጫፍ የለውም። ጠቋሚው ቀይ ላይ ነው። ታሸታለች እንጂ መቼ ትጠጣለች ብዬ አለፍኩት።

አቀበቱን ሁሉ ምንም ሳትል ወጣች። መሪጌታም፣ ሰው ዋሽቶብናል፣ ሸጋ መኪና ናት ማለት ጀመሩ። ምን ያደርጋል፣ ጥሩ ቃል አይበረክትላትም። ቡሬን አልፈን፣ ከአስፋልቱ ወርደን፣ የጋሼ ቢተው ቤት ገና ሲታየን ሳል ሳል አደረጋትና ጸጥ አለች።

ትተናት በእግራችን እንግባ አልኩ። መሪጌታ አሻፈረኝ አሉ። «ባለፈው በትልቅ መኪና የመጡ ዛሬ በእግራቸው ገቡ ሊሉን አይዶል? ከደጁ ድረስ ትገባለች» አሉ። ከሦስቱ ደግሞ መሪ መያዝ የሚችል የለም። ስለዚህ እኔ ጎረምሳው ተቀመጥኩ፣ ሦስት የተከበሩ አባቶች ከኋላ ገፉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሼ ቢተው ከደጃፋቸው ቆመው ያዩናል። እኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሰውየው በመኪና ተበድለዋል። አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቹ መኪና እየገፉ፣ በላብ ተጠምቀው ደጃቸው መጡ። ሌላ ምን ይመስላል? ሮጠው መጥተው የመሪጌታን እጅ ያዙ።

«ስለ ማርያም፣ በቃ፣ ምነው እንዲህ ታደርጉኛላችሁ» አሉ። «ይቅር ብያለሁ።»

እኔ አፌን ከፈት ሳደርግ መሪጌታ በዓይናቸው ገሠጹኝ። ከዚያ ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረግ አድርገው፣ «ጥፋታችን ከዚህም ይከብድ ነበር» አሉ። በዚያው የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

ሠርጉ አልፎ፣ ሙሽሮቹም ደህና መሆናቸውን ካየሁ በኋላ አላስችል አለኝ። ለጋሼ ቢተው፣ ያን ቀን እኮ ቤንዚን አልቆብን ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ቤንዚን ያለውን መኪና ማን ይገፋል?» አሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። በጎረቤት ፊት እምቢ ብዬ፣ የልጄን ፊት እያየሁ መመለሻ ሰበብ አጥቼ ነበር። እኔስ መች እንቅልፍ ነበረኝ?»

አሳዘኑኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ግትር ናቸው እያልን ስናማቸው ነው የከረምነው። ስለ መኪናዬ የተወራውን ሳርም፣ ስለ እሳቸው የማወራውን አላረምኩም።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለወንድ ልጃቸው ፈረስ ቤት ከተማ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። የልጅቱ አባት ከእሳቸው የባሰ ነው አሉ፤ ከዚህ ቀደም አንዴ እምቢ ብሏቸዋል። መኪናህን አውሰኝ አሉኝ።

በደስታ ነዋ! ቤንዚኗን ሞልቼ አመጣልዎታለሁ አልኳቸው።

ጋሼ ቢተው ደንግጠው አዩኝ። «ምነው ልጄ» አሉ፣ «ነገሩን ልታበላሽብን ነው?»