የእንግሊዟ ንግሥት ከል

ንባብ የሚያሰክረው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ስለሆነ በልኬ ነው የምቀምሰው። እዚህ አትላንታ ዳር፣ ኖርክሮስ ያለው ጎረቤቴ ደምሴ ግን የመጋዘን ሥራውን ክዊት አድርጎ፣ እንግሊዝ በ1861 (በነሱ አቆጣጠር ነው) ያየችውን ሁሉ ሲያነብ ይውላል። የአትላንታ ጭጋግ የለንደን ይመስለዋል። የያኔዋ የእንግሊዝ ንግሥት ባል የሞተው በዚያ ዓመት ነው።

እሁድ ከሰዓት ቤቱ ተቀምጫለሁ። ዝናቡ በመስኮቱ ላይ በቀስታ ይፈሳል። ደምሴ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሚስቱን ጠየቃት።

«ንግሥቲቱ እስክትሞት ከሏን አላወለቀችም። አስካለ፣ አንቺስ ለእኔ እስከ መቼ ትለብሺልኛለሽ?»

አስካለ ሆቴል ለማጽዳት ልትወጣ ጥቁር ዩኒፎርሟን እየቆለፈች ነበር።

«ሳትሞት ጀምሬልህ የለም እንዴ?» አለችው።

ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አልኳት።