በቀኝ የተያዘው ፋኖስ

ስህተቱ ትንሽ ነበር፤ የታወቀው ግን ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ኦርቬን የሚባለው የቪዲዮ ጌም ጀግና በጌሙ ውስጥ ፋኖሱን የሚይዘው በግራ እጁ ሲሆን፣ ከዚያው ጌም በተሠራው ተከታታይ የካርቱን ፊልም ላይ በቀኝ እጁ ይዞት ተገኘ። ይህን የሚያህል ጉድለት ማንም ሳያስተውለው የፊልሙ ግማሽ ታይቷል፣ ተጨብጭቦለታል፣ ተለቅሶበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ካለቀሱት አንዷ ጽዮን ናት። ዝም ብላ አላለቀሰችም፤ ስታለቅስ ራሷን በስልክ ቀርጻ ለሕዝብ አሰራጨችው። እንባ ደግሞ ከጉንጭ ይጠረጋል እንጂ አንዴ ከተሰራጨ አይመለስም።

ስህተቱን ያገኘው እጮኛዋ ፍስሃ ነው። ፍስሃ ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለ ከትምህርቱ የተረፈውን ጊዜ፣ ያልተረፈውንም ጨምሮ፣ ይህንኑ ጌም ሲጫወት የኖረ፣ በዘርፉ የበቃ ወጣት ነው። ፋኖሱን በቀኝ እጅ ባየ ጊዜ እህል አላስበላው አለ። ከዚያም የእጮኛውን የለቅሶ ምስል ወሰደ፣ ከጎኑ የራሱን የተቆጣ ፊት ለጠፈ፣ ከሥሩም «ጌሙን የማያውቁ ሰዎች ሲያለቅሱ ተመልከቱ» ብሎ ጻፈና አሰራጨው። ጽዮን ቀለበቱን አወለቀች፤ ኬክ በመጣበት ካርቶን ከትታም ላከችለት። ካርቶኑ ስላልተጠረገ ቀለበቱ ክሬም ተቀብቶ ነው የደረሰው።

የጽዮን እናት ወይዘሮ የሺዓለም ክፉ ነገር ሳይመጣ መንገድ ወጥተው የሚቀበሉ ሴት ናቸው። ስልክ ሲጮህ ሰው የሞተ ይመስላቸዋል፤ ሳይጮህ ሲውል ደግሞ የሚደውልላቸው ሰው የሞተ። አራዳ ባለችው አሮጌ ቤታቸው ማታ በሩን ይቆልፋሉ፣ ይተኛሉ፣ ተነስተው መቆለፉን ያያሉ፣ ሲያዩ ከፍተውት እንደሆነ ይጠራጠሩና እንደገና ይነሳሉ። ልጃቸው ስትታጭም ሊደርስ የሚችለውን ጥፋት ሁሉ አስበው ጨርሰው ነበር። ልጁ ክፍለ ሀገር ሚስት ቢኖረው፣ የሙሽሮቹ መኪና መንገድ ላይ ቢቆም፣ ድንኳኑን ነፋስ ቢወስደው፣ ወጡ ቢበላሽና ዘመድ በሙሉ ሆዱን ይዞ ቢተኛ። እንደ ወጉም ሽማግሌ ልከው ሰባት ቤት አስቆጥረዋል። እስከ ሰባተኛው ቤት ዝምድና አልተገኘም፣ ነውርም አልተገኘም። ስምንተኛውን ቤት፣ ጌም ቤቱን፣ የጠየቀ ሽማግሌ ግን አልነበረም።

«ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አደረገሽ? መታሽ?» አሏት ልጃቸውን።

«ፋኖሱን በቀኝ መያዝ አልነበረበትም ነው የሚለው።»

«ማን ነው የያዘው?»

«ኦርቬን።»

«እኔ ይኼን ልጅ አላውቀውም። የዚህ ሠፈር ነው?»

«እማዬ፣ ካርቱን ነው እኮ።»

ወይዘሮ የሺዓለም በሐሳባቸው ካዘጋጁት መዓት ሁሉ መካከል ይኼ አልነበረበትም። «ሌላ ሴት ብትሆን ይሻል ነበር» አሉ። «እሷን እንኳ ሄጄ እለምናት ነበር።»

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጾሙ ደግሞ ገብቷል። የጥሪ ወረቀቱ ታትሟል፣ ዘመድ ከየአገሩ ተነግሮታል። ስለዚህ ወይዘሮ የሺዓለም ሰባት ቤት የቆጠሩትን ሦስት ሽማግሌዎች መልሰው ጠሩ። አንደኛው አቶ ገብረአምላክ፣ በጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ወንበራቸውን ለመንግሥት ቢመልሱም ንግግሩን ይዘውት መጥተዋል። ሁለተኛው ፒያሳ ወርቅ ቤት ያላቸው አቶ አብዱልመሊክ ናቸው፤ ቀለበቱን በእጃቸው የሠሩት እሳቸው ስለሆኑ የክሬሙን ነገር ሲሰሙ ከሁሉ የበለጠ አዘኑ። ሦስተኛው አቶ ተክለሃይማኖት፣ የተቀመጡበት ቦታ ሁሉ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ደግ ሰው ናቸው።

አቶ ገብረአምላክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ችግሩ ከተከሰተበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አጠቃላይ ሁኔታ ከመሠረቱ ሳንገመግም ወደ መፍትሔ ብንሻገር ፍትሐዊ አይሆንም። የድንበር ጠብ ድንበሩ ሳይረገጥ አይፈረድም። ስለሆነም ፊልሙን ማየት ይገባናል።»

«ሁሉንም?» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም።

«ከነማስታወቂያው።»

በዚህ መሠረት በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ በወይዘሮ የሺዓለም ሳሎን ድንበር መርገጥ ተጀመረ። ጽዮን ትተረጉማለች፣ ፍስሃ ትርጉሙን ይቃወማል፣ ወይዘሮ የሺዓለም ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ሻይ ይቀዳሉ። በመጀመሪያው እሑድ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ተደግፈው «የልጅ ነገር» ሲሉ ዋሉ። በተከታዩ ከቀጠሮው ቀድመው ደረሱ። በሚቀጥለው አቶ ገብረአምላክ ለወገባቸው ትራስ ይዘው መጡ። ኦርቬን ወንድሙን ቀብሮ ብቻውን ወደ ተራራው ሲወጣ ደግሞ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ጉንፋን ነው» አሉ።

ጽዮን ግን ጉንፋኑን ቀርጻ አሰራጭታው ነበር።

ወይዘሮ የሺዓለም ሪአክሽን የሚባለውን ሥራ የተረዱት ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰው ፊልም ያያል። ሌላው፣ ያ ሰው ፊልም ሲያይ ያያል። ሦስተኛው ደግሞ «በዚህ ቦታ ማልቀስ ሲገባው አላለቀሰም» ብሎ ይሳደባል። ለተሳዳቢው መልስ የሚሰጥ አራተኛ አይጠፋም። በዚህ ዓይነት ፊልሙን ማየት ሳያስፈልግ አገር በሙሉ ሥራ ይዞ ይውላል።

አቶ ገብረአምላክ ታወቁ። ፒያሳ ላይ ሲያልፉ ከኬክ ቤት ወጥቶ አብሯቸው ፎቶ የሚነሳ መጣ። የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር በር ላይ ተንጠልጥሎ «ፋዘር፣ በቀኝ ነው በግራ?» ይላቸዋል። እሳቸውም በሥልጣን ዘመናቸው እንኳ ያላገኙትን ክብር እየቀመሱ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ብለው ይወርዳሉ። ሂደት ላይ ያለ ነገር ደግሞ ማለቅ የለበትም፤ ካለቀ ማን ይጠይቃቸዋል?

አቶ አብዱልመሊክም ስንፍና አላሳዩም። «ዋናውን ሳያዩ በግልባጩ መፍረድ አይቻልም» አሉና ጌሙን ከነማጫወቻው ከፍስሃ ተውሰው ወርቅ ቤታቸው ጓዳ አስገቡት። ሙሽሮች ቀለበት ሊለኩ ሲመጡ «አንዴ፣ ይቺን ድልድይ ልሻገር» ይሏቸው ጀመር። ድልድዩን ተሻግረው ሲመለሱ የግራ እጅ ሰው ሆነዋል።

«ሰይፉ በቀኙ ነው» አሉ በተከታዩ እሑድ። «ፋኖሱንም በቀኝ ከያዘ ሰይፉን በጥርሱ ሊነክስ ነው?»

«በረከት በቀኝ ነው» አሉ አቶ ገብረአምላክ። «ብርሃን በግራ የሚይዝ ጀግና አላውቅም።»

«አንተ ከዚህ ሌላ የምታውቀው ጀግና ማን አለ?»

«አንተስ ጌም የጀመርከው ትናንት አይደለም?»

በዚህ መካከል አቶ ተክለሃይማኖት ነቁ። «ልጁ ደረሰ?» አሉ።

«የቱ ልጅ?»

«ፋኖስ የያዘው።»

«በየትኛው እጁ?» አሏቸው ሁለቱም ባንድ አፍ።

አቶ ተክለሃይማኖት አንዱን ባንዱ፣ ሌላውን በሌላው ዓይናቸው አይተው ተመልሰው ተኙ። በዚያ ቤት ከተፈረዱት ፍርዶች ሁሉ የሚሻለው ይኼ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የአርባ ዓመት ወዳጆች ተኳረፉ። አንዱ በበሩ በኩል ሌላው በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል፤ የሚነጋገሩትም በተኙት በአቶ ተክለሃይማኖት በኩል ነው። «ተክለሃይማኖት፣ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ» ይባላል፤ ተክለሃይማኖት ያንኮራፋሉ፤ ሰውዬውም መልሱን ለማንኮራፋቱ ይሰጣል። ስለ እርቁ ሲጠየቁ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» ይላሉ። ሆሣዕና ደረሰ።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ዳር ስለያዙ ጽዮንና ፍስሃ በተረፈው አንድ ሶፋ ላይ መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። የሽማግሌዎቹን ጠብ አብረው ይቀርጻሉ፣ አብረው ቆራርጠው ያሰራጫሉ፣ እየተደጋገፉ ይስቃሉ። የሰው ሞኝነት እንደ መስተዋት ነው፤ የራስን ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ ለእነሱ ለጊዜው አሳያቸው። በዚያው በሆሣዕና እሑድ ወይዘሮ የሺዓለም ሻይ ሲያቀርቡ ቀለበቱን በልጃቸው ጣት ላይ አዩት። ከፈርጡ ሥር የደረቀ ክሬም ቀርቶበታል።

«እትዬ የሺዓለም፣ ተውነው» አላቸው ፍስሃ። «እጅ ያው እጅ ነው።»

ወይዘሮ የሺዓለም ሻዩ እስኪበርድ ድረስ አንድም ክፉ ነገር አላሰቡም። እንዲህ ያለ ጊዜ ከተወለዱ ገጥሟቸው አያውቅም። ወዲያው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ልጆቹ ታርቀዋል። እንግዲህ ተነሱና መርቁልን።»

አቶ ገብረአምላክ ፊታቸው ጠቆረ። «ማን ፈቅዶላቸው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ጉዳዩ በእጃችን እያለ ባለጉዳዮች በግላቸው መታረቃቸው ከአሠራር ውጭ ነው። ፋኖሱ ሳይወሰን ምርቃት የለም።»

«እዚህ ላይ ከሰውዬው ጋር ነኝ» አሉ አቶ አብዱልመሊክ ከመስኮቱ በኩል። ከተኳረፉ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

የፍስሃ እናት ያለ ሽማግሌ ምርቃት ሙሽራ በደጄ አታልፍም ያሉ ሴት ናቸው። ምርቃት ከሌለ ሠርግ የለም። ወይዘሮ የሺዓለም የሻይ ሰሐኑን ይዘው መሐል ሳሎን ቆሙ። ያን ሁሉ እሑድ ጀርባቸውን የሰጡትን ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩት። ኦርቬን ተራራው አፋፍ ላይ፣ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ፣ ባለበት ቆሟል።

«ይኼ ነው ቤቴን ያመሰው?» አሉ። «በቀኝም ያዘው በግራ፣ ፋኖሱ እንደሆን አልበራ!»

ሁሉም ዞረው አዩ። እውነት ነው፤ የፋኖሱ መስታወት ጥቁር ነው፤ ብልጭታ እንኳ የለውም። ወይዘሮ የሺዓለም «አሁን ያፍራሉ፣ ከዘራቸውን ያነሳሉ፣ ይመርቃሉ» ብለው ጠበቁ። ክፉ እንጂ ደግ ጠብቀው ስለማያውቁ አጠባበቁን አልቻሉበትም።

አቶ ገብረአምላክ መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉ። «ይህ ሁኔታውን ከሥሩ የሚቀይር ግኝት ነው። ከክፍል አንድ ይጀመር።»

«በጌሙ ይበራል» አሉ አቶ አብዱልመሊክ።

«ይበራል እንጂ» አለ ፍስሃ፣ ከሶፋው ብድግ ብሎ። «አበላሽተውታል ብዬ ነበር እኮ።»

«ምንም አላበላሹም» አለች ጽዮን። «ሆን ብለው ነው ያጠፉት። ወንድሙ ስለሞተ ተስፋ መቁረጡ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ስሜት ያለው ሰው ማንም ሳይለው ያውቀዋል።»

«ጌሙን ሳትነኪው ስለ ፋኖስ አትንገሪኝ።»

ጽዮን ቀለበቱን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሪሞቱ አጠገብ አኖረችው።

«ተመረቁ?» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት፣ ነቅተው። የመለሰላቸው የለም፤ ክፍል አንድ ጀምሯል።

ወይዘሮ የሺዓለም ዕድሜ ልካቸውን ጥፋትን በበር፣ በመስኮት፣ በስልክ ሲጠብቁ ኖረው በገዛ አፋቸው አስገቡት። አንድ ጊዜ ሁሉንም አዩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ሄዱና ቆጣሪውን አጠፉት።

መሽቶ ስለነበር ቤቱ እንደ ኦርቬን ፋኖስ ጨለመ። ሽማግሌ ቢቆጣ ይለመናል፣ እንግዳ ቢያመሽ ይታፈራል፤ መብራት ሲሄድ ግን በአዲስ አበባ ማንም ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

«ሄደች» አሉ አቶ ገብረአምላክ።

«ዛሬ አትመጣም» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም ከጓዳ። «ተራው የእኛ ሠፈር ነው።»

ሁሉም በዳበሳ ተነሱ። ጽዮን ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ ስለ ጠፋው ፋኖስ በጨለማ መቅረጽ ጀመረች። ፍስሃ ሳይሰናበት ወጣ። ሽማግሌዎቹ በስልካቸው መብራት እየተመሩ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ወረዱ፤ አቶ ገብረአምላክ ስልኩን በቀኝ፣ አቶ አብዱልመሊክ በግራ ይዘው፣ አቶ ተክለሃይማኖት በሁለቱ መሐል እየተጎተቱ።

ወይዘሮ የሺዓለም በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ቁልፉን ይዘው ቆሙ። እንደ ወትሯቸው ሌባ ታሰባቸው። ዛሬ ግን ሐሳቡ አላስፈራቸውም። መጥቶ ያንን ቴሌቪዥን ተሸክሞ ቢሄድ ራሳቸው መንገዱን ባበሩለት ነበር። እንዲያውም ክፍቱን ሊተዉት አስበው እጃቸውን ከቁልፉ አነሱ።

ከዚያ የባሰው ታያቸው። ሌባው ቢገባ፣ ቴሌቪዥኑን ባይወስደው፣ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ቁጭ ቢልና «ከክፍል አንድ ልየው» ቢልስ?

ቆለፉት።