እባክሽ ክሊኒካችንን ጣይልን!

እናንተ ሆዬ፣ አንድ ሕንፃ ከልቡ እንዲያገለግላችሁ ከፈለጋችሁ ምክሬ አጭር ነው፤ እንዳይሸለም ተከላከሉ! የሚያፈስ ጣራ ይጠገናል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ይለሰናል። የተሸለመ ሕንፃ ግን... መድኃኒት የለውም።

«አንቺ ደግሞ የት ታውቂያለሽ? ገና ትናንት ተመርቀሽ!» እንዳትሉኝ። ቢሮ በየቀኑ ስለምሰማው ጠግቤዋለሁ። በሕንፃ ሥራ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ከእናቴ ቤት እየተመላለስሁ ሥራ እንደጀመርሁ አውራጃው «ኮከብ ሕንፃ» የሚባል ውድድር አወጀ። ኮከብ ገበሬ፣ ኮከብ ሠራተኛ ሲባል ሰምታችኋል፤ አሁን ተራው የድንጋይና የሲሚንቶ ሆነ። ሕዝቡ በመዋጮና በጉልበቱ ከሠራቸው ትምህርት ቤቶች፣ መጋዘኖችና ክሊኒኮች አንደኛ የወጣው ቀይ ሰንደቅ ይሸለማል። ከዚያ ለክፍለ ሀገር ይወዳደራል፤ ከዚያ ደግሞ ለአገር። እኔ የዳኝነት ኮሚቴው «የቴክኒክ አባል» ተባልሁ። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ ግድግዳ የምታንኳኳዋ ማለት ነው።

ደቅ ደሴት ያለውን ክሊኒክ ልናይ የሄድነው በሞተር ጀልባ ነው። የዚያን ቀን የእኔና የሐይቁ ኮከብ አልገጠመም። ጀልባዋ ስትነሣ ሆዴ እታች ይቀራል፤ እሷ ስትወርድ ሆዴ ይነሣል... ሰብሳቢያችን ጓድ ታደለ ግን ከፊት ተቀምጠው ስለ ጥራት ይናገራሉ። ጀልባ ላይ ንግግር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አጨብጭባችሁ እንዳትገላገሉ እጃችሁ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጧል።

ክሊኒኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያምራል። የተጠረበ ድንጋይ፣ ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ የሚያብረቀርቅ መስታወት። በሩ ላይ ግን ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ፊት ለፊቱ ካለው ዋርካ ሥር ሕመምተኛ ተኮልኩሏል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ደግሞ የአንዲት እማሆይን ዓይን ገልጦ ጠብታ ያደርጋል። የክሊኒኩ ድሬሰር ባይህ ነው። እንዳየኝ ወደ ጎን ሳበኝ።

«መሐንዲሷ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እባክሽ እታለም፣ ክሊኒካችንን ጣይልን!»

«በምን? በዲጂኖ?»

«ኧረ በነጥብ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። ክሊኒኩ ከተመረቀ ጀምሮ «ኮሚቴው ሳያየው እንዳይቆሽሽ» ተብሎ ተቆልፏል። መርፌው ዋርካ ሥር፣ ቁስል ማጠቡም ዋርካ ሥር። አውራጃውን ካሸነፈ የክፍለ ሀገሩ ኮሚቴ እስኪመጣ ድረስ እንደተቆለፈ ይቆያል። ያንንም ካሸነፈ... ቁልፉን እርሱት።

«ክረምቱ ገባ እኮ» አለኝ ባይህ። «በቀደም አንዲት ሴት እዚያው ሥር ላስቲክ ወጥረንላት ወለደች። ልጁን ጥላሁን አሉት።»

እማሆይ ባልተጨፈነው ዓይናቸው አዩኝ። «ድንጋዩን እኮ በጀርባችን ነው ያመላለስነው፣ ልጄ። ያምራል ይላሉ። ዓይኔ ከጠፋ ማማሩን በምን ልየው?»

እስቲ ፍረዱ! እኔ የተማርሁት ሕንፃ እንዳይወድቅ ማድረግን ነው፤ መጣልን ማን አስተማረኝ? ቢሆንም እንከን ፍለጋ ዞርሁ። ግድግዳውን አንኳኳሁ፤ ድፍን ነው። ውኃ ልኬን አስቀመጥሁ፤ አረፋው መሐል ላይ ተዘርግቶ ሳቀብኝ። ግንበኛው ሞያውን ያሳመረው ሆን ብሎ እኔን ለማናደድ ነው።

ጓድ ታደለ በሩን አስከፈቱ። «ጫማ አውልቁ!» አሉ። አወለቅን። ውስጡ ተዘግቶ ስለከረመ የቀለሙ ሽታ በጥፊ ይማታል። ወለሉ በሰም ተወልውሎ ፊት ያሳያል። የራሴን አየሁት፤ የጀልባዋ ሕመም ገና አልለቀቀውም፣ አረንጓዴ ነበር።

«ጓዶች! አንድ ጉድፍ አያችሁ? አንድ! ይኼን ለአገር ነው የምናቀርበው!»

ተጨበጨበ። በመስኮቱ ባይህን አየሁት፤ አንገቱን ደፋ።

«የቴክኒክ አባላችንስ፣ ምን አስተያየት አለሽ?»

ስሙኝማ፣ ልናገር ነበር! «ሕመምተኛ ያልገባበት ክሊኒክ ነጥብ አይገባውም» ልል፣ ከሥራ ቢያባርሩኝም ልል አፌን ከፈትሁ... የወጣው ግን ቃል አልነበረም።

ጠዋት የበላሁት ሽሮ ከነግሳንግሱ ወለሉ መሐል ላይ... ጓድ ታደለ በካልሲ ስለነበሩ ዝርዝሩን ልተወው።

ሁሉም አፍንጫውን ያዘ። ከዚያ የባይህ ድምፅ ተሰማ፦

«ታካሚ! መንገድ ልቀቁ፣ ታካሚ!»

ጫማውን ሳያወልቅ ከነጭቃው ገባ። አልጋ ላይ አጋደመኝ፤ መስኮቶቹን ቧ አድርጎ ከፈታቸው፤ ወደ ዋርካው ዞሮ ተጣራ። «እማሆይ፣ ይግቡ! ዓይንዎን እዚህ ልጨርስልዎ። እናንተም ግቡ!» የዋርካው ሥር ሰው ሁሉ ግር ብሎ ገባ።

«ይኼ ምንድን ነው?» ጮኹ ጓድ ታደለ።

«ሕሙማን ናቸው፣ ጓድ።»

«ክሊኒኩን አቆሸሹት እኮ!»

«ሕመም ንጹሕ ቢሆን እኔስ ለምን እቀጠር ነበር?»

እማሆይ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እጄን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ የቀረሽ ካለ አትሰስቺ።»

ክሊኒኩ በንጽሕና ነጥብ ወደቀ፤ ተመስገን! ቁልፉን የሚጠይቅ ስለጠፋ በሩ እንደተከፈተ ቀረ። አንደኛ የወጣው አንድ የእህል መጋዘን ነው። እህል አልገባበትም፤ እንዳይቆሽሽ። እኔንም ከኮሚቴው አሰናበቱኝ። ምክንያቱ «ሆደ ሰፊ አይደለችም» የሚል ነው። ኮሚቴ እውነት ሲናገር ያኔ ገና ሰማሁ።

ሰሞኑን ባይህ መድኃኒት ሊወስድ ከተማ መጥቶ ቢሮዬ ብቅ አለ።

«ትምህርት ቤታችንም አለቀ» አለኝ።

«እሰይ! ልጆቹ ገቡ?»

«ለውድድር ተመዝግቦ ተቆልፏል።»

«እኔ እኮ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ።»

«ሰምተናል። አገሩ ተሰብስቦ መክሮበታል፤ በእንግድነት ትምጣልን ተብሏል። ብቻ...» አንገቱን አከከ። «ትምህርት ቤቱ ብዙ ክፍል ነው፤ ጠግበሽ ነይ።»