የበያጁ ሙሐመድሳኒ ጥንቃቄ

በየከተማው፣ ሥራው ሩብ ሰዓት፣ ዝግጅቱ ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅበት አንድ ባለሙያ አይጠፋም። ለሰፈራችን ለመንደራ ቆጪ የደረሳት ክቡር በያጅ ሙሐመድሳኒ ናቸው። ሀዋ ጠባያቸውን እያወቀች ነው የሱቋን የብረት በር እንዲበይዱላት የጠራቻቸው፤ ጥፋቱ የራሷ ነው።

የበሩ ማጠፊያ ተገንጥሏል። ሳይዘጋ ሱቋን ትታ መሄድ አትችልም፤ የእህቷ ልጅ የጋብቻ ውል፣ ኒካው፣ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት አጋሮ ከተማ ነው።

ክቡርነታቸው ግን ለማንም ኒካ አይቸኩሉም። መጀመሪያ የማሽኑን ገመድ ሩዝ እንደሚለቅም ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት። የተላጠች ቦታ ቢያገኙ ሌላ ገመድ ሊያመጡ ቤታቸው ሄዱ! ተመልሰው ደጃፉ ላይ የተኛውን የዝናብ ውሃ አስጠረጉ፣ ደረቅ ጣውላ አነጠፉ፣ ጓንታቸውን ፀሐይ ላይ አሰጡ። በሩን ሊደግፉ የመጡትን ሁለት ጎረቤቶች «ብረቱን ልቀቁ!» ብለው አባረሩ። እኛ ሰፈር ደግሞ የሚበየድ ብረት ሳይደግፉ ማለፍ ነውር ነው።

«ጋሼ፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው እኮ!»

«ኦብሲ! ታገሺ ልጄ። መብራት ዘመድ አያውቅም።»

ይህን ብለው ወደ ጓሮ ጠፉ። ሲመለሱ የሀዋን እርጥብ ልብስ ታቅፈዋል። የሀዋ ዓይን ደም ለበሰ።

«ያረቢ! ልብሴ ደግሞ ምን አደረገዎት?»

«የማስጫሽ ሽቦ ከበሩ መቃን ጋር ታስሯል። በሩን መብራት ካገኘው ሽቦውንም ያገኘዋል። ፈትቼዋለሁ።»

ብየዳው ገና እንደተጀመረ ልጇ ሩፈይዳ ከትምህርት ቤት ገባች። እንደ ልማዷ ጫማዋን አውልቃ፣ ካልሲዋን አጥባ፣ በባዶ እግሯ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ሮጠች።

«እማ! ሽቦውን ማን ፈታው?»

ሀዋ የልጇን እርጥብ እጅና ባዶ እግር አየችና የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ያን ነዝናዛ ሰውዬ በዚያች ሰዓት እንደ አባቷ ወደደቻቸው።

አጋሮ የደረሰችው ኒካው ካለቀ በኋላ ነው። ድንኳኑ ግን ገና እየደመቀ ነበር። የድምፅ ማጉያውን ገመድ በብረቱ ምሰሶ ላይ ጠምጥመውታል፤ ከምሰሶው ሥር ዝናብ ያቆረው ውሃ ተኝቷል። ሀዋ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ መሐል ላይ ቆመች።

«ኦብሲ! ንቀሉት! መብራት ዘመድ አያውቅም!»

ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ሠርገኛው ሁሉ፣ ውሃው እስኪጠረግና ደረቅ ጣውላ እስኪነጠፍ ቆሞ ጠበቀ።