ጉድጓዱን ላዘጋ የደረስኩ ለት

ማሽን አይዋሽም የሚል ሰው፣ ማሽን ተሸክሞ ገጠር ወርዶ አያውቅም። እውነቴን ነው! ማሽን ያሳዩትን ያያል፣ ያየውን ያወራል። ማን እንዳሳየውና ምን እንዳሳየው ግን አይጠይቅም፤ እኛም አንጠይቀውም።

እኔ ከፍኖተ ሰላም እየተነሳሁ የጉድጓድ ውሃ የምመረምር ሰው ነኝ። መሣሪያዬ ፎቶሜትር ይባላል፤ መጠኑ የምሳ ዕቃ ቢያክል ነው፣ ኩራቱ ግን የሚኒስትር። ውሃውን በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ቀድታችሁ መጀመሪያ እንዲሁ ታሳዩታላችሁ። ከዚያ ክኒን ፈጭታችሁ ትጨምሩና፣ ውሃው ቀለም ሲያወጣ መልሳችሁ ታሳዩታላችሁ። መሣሪያው በብልቃጡ ውስጥ ብርሃን ይሰድና በቀለሙ ድምቀት ልክ ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩ ከበዛ ጉድ ፈላ ማለት ነው።

የመስቀል ሰሞን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ጎጥ ወረድኩ። ጉድጓዱ በበቆሎ ማሳ ስለተከበበ፣ ከማዳበሪያ የሚሰርግ፣ ሕፃናትን የሚጎዳ ናይትሬት የሚባል ነገር እንዳይኖርበት ነበር ስጋቱ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ የዝና፣ የእጅ ፓምፑን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀበሉኝ። ዶክተር፣ ይሄ ፓምፕ ሳይመጣ ጉልበቴን የጨረሰው የወንዙ ዳገት ነው አሉኝ። እዚያ አገር መሣሪያ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እኔም ማስተባበሉን ከተውኩ ቆየሁ።

ውሃውን ቀድቼ መጀመሪያ እንዲሁ አሳየሁት፤ ከዚያ ክኒኑን ጨምሬ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነበረብኝ። በዚህ መሀል የኮሚቴው አባል ቄስ አበረ፣ አጥራችንን ካላየህልን ብለው ይዘውኝ ዞሩ። ተመልሼ ብልቃጡን አስገባሁ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ተጫንኩ። ቁጥሩ ከሚፈቀደው በላይ ዘሎ ቁጭ!

አቤት የዚያን ጊዜ የኔ ንግግር! ጉሮሮዬን ጠራርጌ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ከብቱ በረት፣ ስለ ሕፃናቱ ጤና አስተማርኩ፤ ፓምፑ መታሸጉ የግድ ነው አልኩ። ውሃ ሊቀዱ የተሰለፉት ሴቶች ጄሪካናቸውን ከፓምፑ ሥር አነሱ። ቄስ አበረ አማተቡ። ወይዘሮ የዝና ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው መዳፌ ላይ አኖሩና፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ወንዙ እንደሁ አልደረቀ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አንጀቴን በሉት።

ልቤ አላርፍ ቢለኝ ብልቃጡን አውጥቼ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። መስታወቱ ወዝቷል። ባሸተው ቅቤ! ማን ነካው ብል፣ ወይዘሮ የዝና ቀና ብለው፣ እኔ ነኛ፣ ሌላማ ማን ይደፍረዋል አሉ። ለካ እኔ አጥር ስመርቅ፣ የእንግዳ ብርጭቆ ሳይወለወል እንዴት ይቀመጣል ብለው፣ ለበዓል የተቀቡት ቅቤ ባራሰው የሻሻቸው ጫፍ ጥርግርግ አድርገውልኛል! ያ ባለ ኩራት ማሽን ደግሞ ቅቤን ከናይትሬት የሚለይበት ምን ዓይን አለው? ብርሃኑን የከለከለው ሁሉ ለሱ ያው ነው።

ጥፋቱ የሳቸው ነው እንዳትሉኝ። መመሪያው፣ ከማስነበብህ በፊት ሁልጊዜ ብልቃጡን በንጹህ ጨርቅ ጥረግ ይላል። እኔ አልጠረግኩም። ለምን? ስንት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኛ!

ብልቃጡን አጥቤ፣ አዲስ ውሃ ቀድቼ፣ ከሀ ጀመርኩ። አሥሩን ደቂቃ ከብልቃጡ ፊት ንቅንቅ አላልኩም፤ ሴቶቹም ከበውን ቆመው ብልቃጡንም እኔንም ጠበቁ። ጠረግኩ። አስገባሁ። ተጫንኩ። ከሚፈቀደው እጅግ ያነሰ! እፎይ! ማመን አቅቶኝ ደግሜ አስነበብኩት፤ ያው ነው። ደስ ብሎኝ ልሞት! እልልታው ሲቀልጥ ቁልፉን ለወይዘሮ የዝና በሁለት እጄ መለስኩላቸው።

ሞተሬን ሳስነሳ ወይዘሮ የዝና መንገዱን ዘጉብኝ። ለካ የቡሬ ገበያ ሰው፣ ቅቤሽ ውሃ የተቀላቀለበት ነው እያለ ያማርራቸዋል። እንግዲህ የውሃ ባለሙያ ነህና፣ ቅቤዬ ውስጥ ውሃ እንደሌለ ጽፈህ ማኅተም አድርግልኝ አሉኝ። ይሄ መሣሪያ እሱን አይመረምርም ብላቸው ትክ ብለው አዩኝና፣ ጉድጓድ ሊያዘጋ የደረሰ ቅቤ ውሃ አለበት ይባላል ወይ? አሉኝ።