የሚስቀው ግድግዳ

ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ብቻውን የሚያነብስ? እንጃ፤ አይሞትም፣ ግን ከልቡ አይስቅም። መጽሐፍ ይዞ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው ነገሩ ምን ቢያስቀው በአፍንጫው ትንሽ ትንፋሽ ያወጣል፤ ያችኑ ገጽ ሚስትና ልጅ አስቀምጦ ጮክ ብሎ ያነበባት እንደሆነ ግን ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሳቅ ሰው ይፈልጋል፣ ወዳጆቼ። እኔ ይህን የተማርኩት ቡራዩ ነው። ከእኛ ከሦስታችን ሌላ ይስቅ የነበረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ጥቂት ጊዜ ወስዶብኛል።

ያኔ የማስተር ፕላኑ ጣጣ አካባቢውን የናጠበት ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ ኪራይ ገፍቶን፣ ገፈርሳ አጠገብ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የጭቃ ክፍሎች አንዱን ተከራይተናል። ኦቦ ገመቹ ስለ እርሻ መሬታቸው በስብሰባ ላይ ተነስተው በተናገሩ ማግስት ከቤት ጠፉ፤ የመንግሥት ታጣቂዎችም ይፈልጓቸው ጀመር። ባለቤታቸው እማማ ጫልቱ "ወዴት እንደሄደ ዋቃ ነው የሚያውቀው" ከማለት በቀር ቃል የላቸውም። መንገድ ተዘጋ፣ ታክሲ ቆመ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ታዲያ ቤት የዋለ ወንድ ምን ያድርግ? ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቼ፣ ለባለቤቴ ለሙሉና ለስድስት ዓመቷ ልጃችን ለሜሮን የተረት መጽሐፍ ማንበብ ያዝኩ።

አነባበቤን ባለመስማታችሁ ሊቆጫችሁ ይገባል። ጅቡ ሲናገር ድምፄን አጎረንናለሁ፣ ቀበሮዋ ስትመጣ አቀጥናለሁ። መጀመሪያ የምትስቀው ሜሮን ናት። ቀጥሎ ሙሉ። ሦስተኛው ግድግዳው ነው።

"አባዬ፣ ግድግዳው ሳቀ" ያለችኝ ሜሮን ናት። ቀለድኩባት። በማግስቱ ግን እኔም ሰማሁት፤ ታፍኖ የሚወጣ፣ ከደረት የሚመጣ የትልቅ ሰው ሳቅ፣ ከወዲያኛው ክፍል። ወዲያኛው ክፍል ደግሞ ተከራዩ ለቆ ከሄደ ወዲህ በሩ ላይ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት ባዶ ቤት ነው። ሙሉ "በስመ አብ!" ብላ ተነሳችና ግድግዳውን ጠበል ረጨችው። ጠበሉ ጭቃውን አራሰው እንጂ ሳቁን አላስቆመውም። እማማ ጫልቱን ብጠይቃቸው ዓይኔን ሳያዩ "አይጥ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። አይጥ! የጅብ ቀልድ የሚገባው አይጥ! እኔ ደግሞ፣ የሰውን ሞኝነት እዩልኝ፣ ሰይጣን ነው አልኩ እንጂ ሰው ነው አላልኩም። ይባስ ብሎ ለመድኩት። ሳይስቅ የቀረ ቀን ቅር እያለኝ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ማንበብ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ገና እያነበብኩ ታጣቂዎች ግቢውን ሞሉት። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ፈትሸው እኛ ጋ ደረሱ። እማማ ጫልቱ ከኋላቸው ቆመዋል። አዛዣቸው ቀጥሎ ያለውን ክፍል በአገጩ እያመለከተ "እዚህስ?" አለ።

"ባዶ ነው። ቁልፉን ተከራዩ ይዞት ሄዷል" አሉ እማማ ጫልቱ።

ሊያልፍ ነበር። አንድ እግሩን አንስቷል።

"ግድግዳችን እኮ ይስቃል!" አለች ሜሮን፣ በኩራት። "አባዬ ሲያነብ ይስቃል። ጅቡ ዳኛ የሆነበት ጋ።"

የእማማ ጫልቱን ፊት አየሁት፤ አመድ መስሏል። ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። ጓጉንቸሩን ከውጭ የቆለፉት እሳቸው፣ ውስጥ ሆነው ተረቴን የሚሰሙት ባላቸው፣ ጠበል ስንረጭ የሰነበትነውም ኦቦ ገመቹን ነው።

አዛዡ ተመልሶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። "እስቲ አንብብ" አለኝ። "ከሳቀ በሩን እንሰብረዋለን።"

አንድ የማያስቅ ገጽ ፈልጌ ልጀምር ስል ሜሮን "እሱ አይደለም፣ አባዬ!" ብላ ትክክለኛውን ገለጠችልኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ ለመከራ ግን ይተርፋል።

አነበብኩ። አህያ የጠፋችበት ሰው ለዳኛው ለአያ ጅቦ አቤት ይላል። ዳኛው "መልኳ ምን ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። "ግራጫ ነበረች፣ ጌታዬ።" ቀልዱ ቀልድ እንዳይመስል ድምፄን የመርዶ ነጋሪ አስመሰልኩት። በልቤም 'ኦቦ ገመቹ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ አይሳቁ' እላለሁ።

"ዋሸህ!" ይላል ዳኛው፤ "ውስጧ ቀይ ነው!"

ጸጥ አለ። ሙሉ እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ።

አዛዡ ነው። ተከትለውት ታጣቂዎቹ ሁሉ ሳቁ፤ ጠመንጃ ተደግፈው ሳቁ። ግድግዳው ብቻ ዝም አለ። አዛዡ እንባውን እየጠረገ "እኛ ሳቅን፣ ግድግዳሽ ግን አልሳቀም፣ ሚጡ" አላትና ጓዶቹን ይዞ ወጣ። ሜሮን ውሸታም ተባልኩ ብላ ስታለቅስ ዋለች።

በማግስቱ ክፍሉ የምር ባዶ ሆነ። ነገሩ በርዶ ኦቦ ገመቹ ሱሉልታ ካሉት ዘመዶቻቸው ዘንድ የተመለሱት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እኛ ቤት "አካም ጅርቱ" ብለው ገቡ፤ ተቀመጡ፤ "ያችን የጅቡን እስቲ" አሉኝ። በሙሉ ጥበቤ አነበብኩላቸው። "ውስጧ ቀይ ነው!" ስል ሙሉ ሳቀች፣ ሜሮን ተንከተከተች። ኦቦ ገመቹ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ነክሰውታል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ ድምፅ ግን የለም።

"ኧረ ይሳቁ እንጂ፣ ኦቦ ገመቹ! አሁንማ ማን አለ?" አልኳቸው።

ጋቢውን ከአፋቸው ሳያወጡ፣ በጣታቸው ግድግዳውን አመለከቱኝ። ግድግዳ ጆሮ እንዳለው ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል?